አዛናው፣ ዳማ እና የኮኪት ብቸኛ ተራራ

አዛናው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሚስቱን አይደለም፤ ትራክተሩን ነው። ይህ ሐሜት የመሰለው ሰው ሚስቱን ሰርኬን ይጠይቅ። «ለእኔ ተራ የሚደርሰኝ ዘይቱና ውሃው ከታየ በኋላ ነው» ትላለች፤ «ያውም ጎማው ካልተነፈሰ።»

ትራክተሩ ዳማ ይባላል። የአዛናው አባት ከጭልጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ በሬዎቻቸውን በቀለማቸው ነበር የሚጠሩት። ልጅየው በሬ ትቶ ሞተር ቢይዝም ወጉን አልተወም፤ ቀይ ስለሆነ ዳማ አለው። ቀይ ነበር ማለቱ ይሻላል። የመተማ ፀሐይ እንኳን የትራክተር ቀለም የሰው ጥላም ታነጣለች። ዳማ ዛሬ ገመድ ላይ ተሰቅሎ የተረሳ የዛላ በርበሬ መልክ ይዟል።

የመጣው ከገዳሪፍ በኩል፣ ሱዳን ውስጥ ብዙ አርሶ ነው። በጎማው መሸፈኛ በፓራፋንጎው ላይ በዓረብኛ የተጻፈ ነገር አለ። ይህን አጣርታ የምታነብልን የሻይ ቤቷ ባለቤት መጂዳ ናት፤ ትርጉሙን ግን እንደ ቀኑ ሁኔታ ትለዋውጠዋለች። ደስ ያላት ዕለት «‹ትዕግሥተኛ ይደርሳል› ነው የሚለው» ትላለች። አዛናው አቧራውን በቀይ ከርከዴ ሻይዋ ላይ በትኖ ያለፈ ዕለት ደግሞ «‹ባለቤቴ ጅል ነው› ይላል፣ ወላሂ» ትላለች።

ሞተሩን ግን ማንም አያማውም። ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር ነው፤ ዱቅ ዱቅ እያለ የሰሊጡንም የማሽላውንም ማሳ ሲያርስ ኖሯል። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ ዋልካ ጭቃ የጭነት መኪናውን ሁሉ እስከ ሆዱ ሲውጥ፣ ከአንዱ የእርሻ ካምፕ ወደ ሌላው የሚሻገር ዳማ ብቻ ነው። ሙሽራ አምጥቷል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ለሐኪም አድርሷል። አንድ ክረምት ሁለቱንም በአንድ ተሳቢ ጭኖ ሲሄድ መንገዱ ከመርዘሙ የተነሳ የተወለደው ልጅ ለሠርጉ ሚዜ ሆኖ ደረሰ ይባላል። እኔ እንኳን ሚዜነቱን አላየሁም፤ ልጁን ግን አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

የዳማ ሕመም አንድ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው ሞተሪኖ፣ ገና እኛ ዘንድ ሳይለምድ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከጎንደር ይመጣል ተባለ። ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ከካርቱም ይመጣል ተባለ። እስካሁን የደረሰው ወሬው ነው።

«ልቡ ጤነኛ ነው» ይላል አዛናው ለጠየቀው ሁሉ፤ «ጠዋት መነሳት ብቻ ነው የሚከብደው።» ይህ ደግሞ ከመጂዳ ደንበኞች ግማሹ ያለበት በሽታ ስለሆነ ማንም አልፈረደበትም።

ሞተሪኖ የሌለው ትራክተር ቁልቁለት ይፈልጋል። ከላይ ይለቀቃል፤ ሲንደረደር በገባ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ሳይወድ በግዱ ይነሳል። ደጋ ቢሆን ማን ይቸገራል፤ ደጋ ማለት ራሱ ቁልቁለት ነው። የኛ ሰፈር ግን፣ ከኮኪት ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሜዳ ነው። ሜዳ ስል ዝም ብሎ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ብርቱካን መሬት ላይ ቢወድቅ ወዴት ልንከባለል ብሎ ሰው ይጠይቃል። ነገ የሚመጣው እንግዳ ዛሬ ይታያል፤ ዶሮው የሚታረደውም የእንግዳው ፊት ተለይቶ ነው፤ የማይወደድ ከሆነ ሽሮ ይጣዳል።

«ቁልቁለት ከሌለ እንሥራዋ!» አለ አዛናው።

ደቦ ጠራ። ሰርኬ ጠላውን ጠመቀች፣ በጉ ተጣለ፤ አዛናው የታመመ ጎረቤት ማሳ ሲያርስ የናፍጣ እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ማንም አልቀረም። በአካፋ፣ በጆንያ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አፈር ተጋዘ። ማታ ላይ ከመጂዳ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ጉብታ ቆሞ ተገኘ። አፈሩ የተቆፈረበት ቦታ ደግሞ ጉድጓድ ሆነ፤ ዝናብ ሲጥል ኩሬ ነው።

ጉብታው ከሁለት ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። እኛ ግን ተራራ እንለዋለን። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ ሠራተኞች አገራቸው ሲናፍቃቸው ወጥተው ቁጭ ይሉበታል፤ አንዱ እንዲያውም ጫፉ ላይ በረደኝ ብሎ ጋቢ አስመጥቷል። ክረምቱ የሸረሸረውን በየዓመቱ መስከረም ላይ በደቦ እንሞላዋለን። ሌላው አገር ተራራውን ከእግዜር አንዴ ተቀብሎ ይቀመጣል፤ እኛ በየዓመቱ እናድሳለን።

ዳማ ማታ ማታ ጫፉ ላይ አፍንጫውን ቁልቁል ደፍቶ ያድራል። ፍሬኑ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይዝም፤ ስለዚህ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ታኮዎች ይገባሉ። ጎህ ሲቀድ አዛናው ወንበሩ ላይ ይወጣል። ሰርኬ ታኮዎቹን ነቅላ ወደ ጎን ዘለል ትልና «ሂድ!» ብላ ትጮኻለች። ዳማ ይንደረደራል፣ ቁልቁለቱ ከሚያልቅበት የኒም ዛፍ ጋ ሲደርስ ያስነጥሳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዱቅ ዱቅ ይላል። የሰፈሩ ሰዓት ይህ ነው። በዚያ «ሂድ!» ነው እሳት የሚቀጣጠለው፤ ዶሮዎቹ ከመንገድ ገለል የሚሉት፣ መጂዳ ጠረጴዛዋን ወደ ውስጥ የምትስበው በዚያ ነው።

ሚሊኒየሙ አልፎ ሞባይል ሲመጣ የተራራው ክብር ጨመረ። በሰፈሩ ኔትወርክ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ ተራራው ጫፍ፣ ዳማ ወንበር ላይ፣ አንድ እግር ፓራፋንጎው ላይ ተሰቅሎ፣ ፊት ወደ ገንዳ ውሃ ዞሮ። ከዚያ ላይ ደግሞ ሳይጮሁ ማውራት አይቻልም። ጎረቤታችን ዋለ አንድ ቀን ከተጠራበት ሠርግ ለመቅረት ጎንደር ላለው አማቹ፣

«ከአልጋ አልተነሳሁም፤ ውሃ እንኳ አይወርድልኝ!» እያለ ሲጮህ፣ መጂዳ ከታች፣

«ዋለ! ሁለተኛው ፉል ቀርቧል፣ ይቀዘቅዝብሃል!» አለችው።

አማቹ በዚህኛው ጫፍ የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ኖሮ፣ በኋላ ሠርጉ ወደ ሌላ ቀን ቢዛወርም ዋለን አልጠሩትም።

እንግዲህ ኑሮ በዚህ መልክ እየሄደ ሳለ ነው ካሌብ የመጣው።

ካሌብ ከጎንደር የመጣ ወጣት ባለሀብት ነው፤ ከሰፈሩ ወንዝ ማዶ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አለው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉን ነገር ማሻሻል መውደዱ ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ ዳማን ዞረው፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ከዚያ ለአዛናው እንዲህ አለው፤

«ጋሽ አዛናው፣ እንለዋወጥ። አንድ መኸር ብቻ የሠራ ሰማያዊ ትራክተር አለኝ። ጣሪያ አለው፣ መስኮት አለው፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ያመጣል፣ ሬዲዮ አለው። በቁልፍ ነው የሚነሳው። ትንሽ ነገር ይጨምሩልኝና ይውሰዱት።»

«ዳማንስ ምን ታደርገዋለህ?»

«እንዲህ ያለ ሞተር ዛሬ የት ይገኛል! ጎማዎቹን አውልቄ ወንዝ ዳር እተክለዋለሁ። ውሃ ይስብልኛል።»

አዛናው ፊቱ ተለወጠ። «ጎማውን አውልቀህ?»

«ምን ያደርግለታል? አንድ ቦታ ነው የሚቆም።»

«ዳማ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም።»

«ያስቡበት ጋሼ። እስከ ግንቦት ሚካኤል ልጠብቅዎ። ከዚያ ወዲያ ግን ዝናቡ ይገባል፣ እኔም ለሌላ እሰጠዋለሁ። እስከዚያው ሰማያዊውን ወስደው ይሞክሩት።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአዛናው ወገብ እንደ ድሮው አይደለም፤ የዳማ ወንበር ደግሞ ሰው ቁጭ የሚልበት ሳይሆን ሰው የሚወቀጥበት ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ዳማ አንድ ነገር ቢሆን፣ እሱን ተስፋ ያደረገው ሰፈር ሁሉ ጦሙን ያድራል። ቢለውጠው ደግሞ ዳማ እግሩን ተቆርጦ ወንዝ ዳር ሊታሰር ነው። ይህን ሲያስብ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ጉሮሮው ሲደርቅ መጂዳ ዘንድ ይመጣል፤ መጂዳ ዘንድ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምክር ይዞ ይጠብቀዋል።

ሻይ ቤቷ ለሁለት ተከፈለች። በግድግዳው በኩል የተቀመጡት የሰማያዊው ወገን፣ በበሩ በኩል ያሉት የዳማ ወገን ሆኑ። ከርከዴ እንኳ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማቀባበል ቀረ።

«ሰውዬው ወገቡ አልቋል!» ይላሉ በግድግዳው በኩል። «ነፋስ የሚያመጣ ትራክተር ተሰጥቶት ያመነታል?»

«ነፋስማ ዳማስ መቼ አጣ! ከአራቱም ማዕዘን ነው የሚመጣለት» ይላል ዋለ ከበሩ።

«አንተ ዝም በል፤ ያንተ ጭንቀት የስልክ ነው።»

«ቢሆንስ! ቁልፍ ያለው ትራክተር ተራራ ምን ያደርግለታል? ተራራውን ማንም አያድሰውም። ተራራው ከፈረሰ ወዴት ወጥቼ ነው የማወራው?»

«ውሸትህን ሜዳ ላይ አውራ!»

ሁሉም የየራሱን ሲያወራ ሰርኬ ያለችውን የሰማ ሰው ግን ጥቂት ነው። እሷ የሰማያዊው ወገን ነበረች፤ ምክንያቷንም አልደበቀችም።

«ስንት ዘመን ታኮ ነቀልኩ» አለችው ባሏን። «አንተ ከላይ፣ እኔ ከታች። አቧራውና ጭሱ የእኔ፣ ወንበሩ ያንተ። አንድ ቀን ልንዳው ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ዳማ ከእኔ ሌላ አይለምድም ነው ያልኩሽ።»

«እሱን ነው ያልከኝ። ይኸኛው ግን በቁልፍ ነው የሚነሳው፤ ሰው አይመርጥም። ቁልፉን አዙሬ እነዳዋለሁ፣ አበቃ።»

«ለመንዳት ብለሽ ነው ዳማን የምታስቆርጪው?»

«ለመንዳት ብዬ ነው። ምነው፣ ነውር አለው?»

አዛናው የዳማን ዘይት ሊያይ ሄደ።

ሰማያዊው ትራክተር መጣ። እውነት ለመናገር፣ ያምራል። መስኮቱ ለፀሐይ ተብሎ ጠቆር ያለ ስለሆነ ውስጡ ማን እንዳለ አይታይም። አዛናው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። «እምም» አለ። አለቀ። ማስነጠስ የለ፣ ጭስ የለ፣ «ሂድ!» የለ። ሰርኬ እጇን አጣጥፋ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አረፈደ። ሰዓት የለም እኮ! አስተማሪው ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ደረሰ፤ የመጂዳ ሻይ ለቁርስ ሊደርስ ለምሳ ደረሰ፤ ዶሮዎቹ መንገድ ላይ ተኝተው ሰማያዊው አጠገባቸው ቆሞ ጡሩንባ ሲነፋ እንኳ፣ ማን ነህ በሚል ዓይን አዩት።

አዛናው ራሱ ግራ ገባው። ነፋሱ ጉንፋን አስያዘው። ሬዲዮው ሲያወራበት መልስ መስጠት ጀመረ፤ ጨዋ ሰው ነዋ፣ የሚያናግረውን ዝም አይልም። ማሳው ግን በደንብ ታረሰ፣ ወገቡም አልታመመም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቀው። ክፉ ቢሆን ኖሮ መልሶ ይገላገለው ነበር።

የሙከራው ሰሞን ዳማ ከቤቱ ጓሮ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር። በሙከራው የመጨረሻ ማታ አዛናው ሰማያዊውን ይዞ ሲገባ የት እንደሚያቆመው እንኳ አላሰበም። እጁ ራሱ ወደ ተራራው ወሰደው፤ ጫፉ ላይ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ አቆመው፣ ሁለቱን ታኮዎች ከጎማው ሥር አስገባ። የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር ዳማ ላይ ኖሮ ስለማያውቅ አልሳበውም። ማርሽም ላይ አልተወውም። ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ይህን የምታህል ብረት ይህን ሁሉ ትራክተር ታስነሳለች ብሎ ማን ያምናል፤ ለማንኛውም ቁልቁለቱ ይኑር» አለ።

ለግንቦት ሚካኤል ዋዜማ በሚያነጋው ሌሊት የዓመቱ የመጀመሪያ ዶፍ ወረደና ኩሬው ሞላ። ጠዋት ካሌብ መልሱን ሊሰማ ይመጣል ተብሏል፤ በበዓሉ ቀን ሥራ ስለማይሠራ አንድ ቀን አስቀድሞ ሊጨርስ ነው።

ጎህ ሲቀድ ሰርኬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ዓይኗ ገና ግማሽ ነው የተከፈተው፤ እግሯ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ተራራው ሥር ደረሰች። ቀና ብላ አየች፤ ጥቁሩ መስኮት ማንንም አያሳይም፤ አዛናው ውስጥ ነው ብላ አሰበች። ስንት ዘመን እንዲያ ነበር። ጎንበስ አለች፤ አንዱን ታኮ ነቀለች፤ ሁለተኛውን ነቀለች፤ ወደ ጎን ዘለል አለችና፣

«ሂድ!» አለች።

ሰማያዊው ሄደ።

አዛናው በዚያች ቅጽበት ጓሮ ነበር። ዳማን እንዴት አደርክ እያለው።

የሚገርመው ሰማያዊው ሲሄድ ምንም ድምፅ አላሰማም። ትዕዛዝ እንደተቀበለ ወታደር ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ከኒሟ ዛፍ ጋ ሲደርስ መሪውን የሚይዘው ሰው ስለሌለ ወደ ቀኝ አሰበ፤ ከዚያ በትሕትና ወደ ኩሬው ገባ። ውሃው ከጎማዎቹ ወገብ ላይ ሲደርስ ጭቃው ያዘውና ቆመ። እንቁራሪቶቹ ወደ ዳር ዘለሉ።

መጂዳ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ከበሯ ወጣች። «ሰርኬ፣ ባልሽ ሊታጠብ ገባ?»

«አዛናው!» ብላ ጮኸች ሰርኬ ወደ ኩሬው እየሮጠች። «አዛናው፣ ውጣ!»

«አቤት» አለ አዛናው ከኋላዋ።

ዞራ አየችው። ኩሬውን አየች። እንደገና እሱን አየች። በመጀመሪያ አቀፈችው፤ ቀጥላ፣

«እንዴት ውስጡ አትሆንም!» ብላ ገፈተረችው።

«እንዴት ሳታዪ ትነቅያለሽ!»

«በቁልፍ የሚነሳ ትራክተር ላይ ታኮ ማን አስገባ?»

«ልማድ ነዋ!»

«የእኔም ልማድ ነዋ!»

በዚህ ላይ ሁለቱም እኩል ትክክል ስለነበሩ ክርክሩ ሳይቀጥል ቀረ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ፤ «ሂድ!» የሚለውን ከሰነበተ በኋላ ሰምቶ ሁሉም በሰዓቱ ተነስቶ ነበር። የካሌብ መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰማያዊው መውጣት አለበት። የሚያወጣው ደግሞ ዳማ ብቻ ነው። ዳማ ጓሮ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ዳማ ከሜዳ አይነሳም።

«ወደ ተራራው በሰው ኃይል ይውጣ!» አለ ዋለ።

ገመድ መጣ። ለክረምቱ እርሻ ካምፕ ሊገቡ መኪና ይጠብቁ የነበሩ የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች ጆንያቸውን ጥለው ከኋላ ገቡ። የሰማያዊው ወገንና የዳማ ወገን የነበረው ሰው አንድ ገመድ ያዘ። አንዱ «ሆ በሉ!» ሲል ሌላው «ወጣልህ!» እያለ፣ ዳማ በኋላው እንደ ንጉሥ ታጅቦ ተራራው ላይ ወጣ። እንደዚያ ቀን ተራራችን ረጅም ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ጥያቄ ተነሳ። ኩሬው ውስጥ ያለውን የሰማያዊውን መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያውቀው አዛናው ብቻ ነው። ታዲያ ዳማን ማን ይነዳል?

«እኔ!» አለ ዋለ። «ገንዳ ውሃ ባጃጅ ነድቻለሁ።»

«ባጃጁ የት አለ ዛሬ?» አለችው መጂዳ።

ዋለ ዳማ ላይ ወጣ። ሰርኬ ታኮውን ነቀለች፣ «ሂድ!» አለች። ዋለ ከመንገዱ አጋማሽ ሳይደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ዳማ አንድ ጊዜ «ህምፍ» አለና ቆመ። ሠራተኞቹ በጎጃምኛም በወሎኛም ዋለን መረቁት፤ ምርቃቱ ለመጻፍ አይመችም። ዳማ እንደገና ወደ ላይ ተገፋ።

ሰርኬ ያኔ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ውረድ» አለችው ዋለን።

«ሰርኬ...» አለ አዛናው፣ እስከ ጉልበቱ ኩሬ ውስጥ ቆሞ።

«ምን? አይለምድሽም ልትል ነው? ከኒሟ ጋ ነው የሚለቀቀው፤ ከኒሟ በፊት ከለቀቅከው ይኮርፋል። በየማለዳው ከታች ሆኜ ምን የማይ ይመስልሃል? ሰማዩን?»

አዛናው በሩን ከፍቶ ሰማያዊው ውስጥ ገባ።

«ታኮውንስ ማን ይነቅላል?» አለ አንድ ሰው።

«እኔ» አለች መጂዳ፤ ማንቆርቆሪያዋን ለዋለ አስያዘችውና ጎንበስ አለች። አንዱን፣ ሁለተኛውን ነቀለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች።

«ሂጂ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ተራራ ሥር ተሰምቶ አያውቅም። ዳማ ተንደረደረ። ሰርኬ መሪው ላይ ተደፍታ፣ ኒሟ እስክትደርስ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ ደረሰች፤ ለቀቀችው። ዳማ አስነጠሰ። ጥቁር ጭስ ሰማዩን ሸፈነ። ዱቅ! ዱቅ ዱቅ ዱቅ ዱቅ! ዶሮዎቹ ሁሉ በደስታ ከመንገድ ገለል አሉ።

ሰንሰለት ታሰረ። ዳማ በአራት ምቱ ጎተተ፤ ኩሬው ጠጣሁት ያለውን ሊመልስ እየተናነቀው አጉረመረመ፤ ሰማያዊው ቀስ እያለ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ከጥቁሩ መስኮት አዛናው አንገቱን አውጥቶ የሚጎትተውን ሰው ጀርባ ያይ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አስቀድሜ አይቼበት አላውቅም፤ አዲስ ትራክተር ሲሰጠው እንኳ እንዲያ አልሆነም።

ካሌብ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ከመኪናው ወርዶ ትራክተሩን ውሃ ሲያንጠባጥብ አየ፣ ሰዉን አየ፣ ዳማን አየ።

«ማን ናት የምትነዳው?»

«ታኮ ነቃይዋ» አለችው መጂዳ።

አዛናው ወርዶ ያደረገውንና የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይቀንስ ነገረው። ከዚያ ቁልፉን ሰጠው። ካሌብ ራሱ ገብቶ አዞረው። «እምም» አለ ወዲያው፤ ምንም አልሆነም። ከዳማ ወገን አንዳንዱ ትንሽ ቅር አለው። ካሌብ ግን መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪፈስ ነበር የሳቀው።

«እሺ ጋሽ አዛናው፣ ታጠበ፣ ተሞከረ። ቃልዎ ምንድን ነው? ይለውጣሉ?»

አዛናው ወደ ዳማ ዞረ። ዳማ ቦታው ላይ የለም። ሰርኬ ሰንሰለቱ እንደተፈታ ቀጥላ ሄዳ ነበር። ቆማ ብታጠፋው እንደገና ተራራ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩን ትዞር ጀመር። አንድ ጊዜ ዞራ አለፈችን። ሁለተኛ ስትመጣ አዛናው ጭቃውን እያራገፈ ጎኗ ሮጠ።

«ሰርኬ! ልጁ መልስ ይፈልጋል!»

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

«እኔማ... ዳማን እፈልጋለሁ! አንቺ ግን ሰማያዊውን ትፈልጊያለሽ!»

«እኔ የፈለግኩት መንዳት ነው አላልኩህም? ይኸው እየነዳሁ ነው!»

«እና?»

«እና ታኮውን አንተ ንቀል!»

አዛናው ትንፋሹ እየቆረጠ ጥቂት ሮጠ። «ሁልጊዜ?»

«አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ! ወገብህም ያርፋል!»

«የታኮው ድንጋይ ከባድ ነው እኮ!»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ!» አለችና ነዳጅ ሰጠች።

አዛናው ጭሱ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ካሌብ ተመለሰ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንለውጥም» አለው። ካሌብም፣ «እኔም ፈርቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው አስከትሎ የሚመጣ ሞተር ወንዝ ዳር የት አስቀምጠዋለሁ?» ብሎ ተሰናበተ። ከመሄዱ በፊት ግን ለእርሻው ሰዎች ስልክ መደወል ነበረበትና ሰርኬ ዳማን ይዛ ተራራው ላይ እስክትወጣ ጠብቆ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ አንድ እግሩን ፓራፋንጎው ላይ ሰቅሎ «ምንም አልሆነም! ትንሽ ዝናብ ነክቶት ነው!» እያለ ሲጮህ ሰማነው። ዋለ ከታች ሆኖ፣ አነጋገሩን እንደ ባለሙያ እያደነቀ ራሱን ነቀነቀ።

ያን ዓመት ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ የማንም ማሳ ሳይታረስ አልቀረም። አንድ ቀን «ሂድ!» አንድ ቀን «ሂጂ!» እየሰማን እንነቃለን። የአዛናው ቀን ሲሆን ሰፈሩ በሰዓቱ ይነሳል፤ የሰርኬ ቀን ሲሆን ትንሽ ቀደም ይላል፤ ታኮ ነቃዩ ዘለል ማለቱን ገና ስላልቻለበት ሁለታችን ሦስታችን ለማየት እንወጣለን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዛናው መጂዳ ዘንድ እየመጣ አቤቱታ ያሰማል። ሰርኬ ጠዋት ስትነሳ ቀጥታ ወደ ተራራው ነው የምትሄደው ይላል።

«ዳማን አቅፋ እንዴት አደርክ ትለዋለች። እኔ እዚያው ታኮ ይዤ ቆሜ።»

«አንተንስ?» አለችው መጂዳ ከርከዴውን እየቀዳች።

«ዘይቱን አይታ ስትጨርስ» አለ አዛናው፤ ይህን ሲል ግን ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።